መድኃኒቱ ከቆየ

ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚለው። ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ ጋሽ ሬዲዮ። እሱም አይቀየምም፤ ምን ብሎ ይቀየማል? ጠዋት የፀጉር ቤቱን በር ከፍቶ ማታ እስኪዘጋ ድረስ አፉ አርፎ አያውቅም። መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ወሬውን ያነሳል። የማን ልጅ የት ሥራ እንደገባ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የቱ አውቶቡስ መንገድ እንደቀየረ ያውቃል፤ የማያውቀውንም ያውቃል። እኔ ብጠየቅ ከሚያወራው ግማሹ እውነት ነው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ከእውነቱ የበለጠ ደስ ይላል።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ናት። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት አለ፤ በእግር ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ወንበር አለ፤ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አግዳሚ አለ። ወለሉ ጠዋት ተጠርጎ ከሰዓት በኋላ በፀጉር ይሞላል። ሰው ወደዚያ የሚመጣው ፀጉሩ ስላደገ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ያለው ራሰ በራ ጡረተኛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቅ እያለ «እስቲ ጎን ጎኑን አስተካክልልኝ» ይላል፤ የሚስተካከል ጎን ካጣ ግን ስንት ዘመኑ። ሬዲዮ ፎጣውን አንገቱ ላይ ያስርለታል፣ መቀሱን አየር ላይ ያንቀጫቅጭለታል፣ ወሬውን ያወርድለታል፤ ጡረተኛውም ቀለል ብሎት ይሄዳል።

ሙያውን ያስተማረው የእናቱ ወንድም ነው። አጎትየው ኮስታራ ሰው ነበር። ደንበኛ ሲቁነጠነጥ ይቆጣል፤ የተቆጡት ደንበኛ ደግሞ አንገቱን እንደ እንጨት ያደርቃል፣ መቀሱም አብሮ ይደነግጣል። ሬዲዮ ገና በልጅነቱ ሌላ ዘዴ አገኘ። ዘዴው ማውራት ነው። ደንበኛው ወሬ ሲሰማ ትከሻው ይወርዳል፣ አንገቱ ይለሰልሳል። ምላጩ ወደ ጆሮ ሲጠጋ ወሬው የሚያጓጓው ቦታ ላይ እንዲደርስ አድርጎ ይቀምረዋል፤ ሰውየውም ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ቀጥ ይላል። በዚህ ዘዴ ስንቱን አልቃሻ ሕፃን፣ ስንቱን ሞቅ ያለው ሰካራም፣ ስንቱን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሙሽራ አስተካክሏል። ሕጉ ደግሞ አንድ ነበር። «ጭንቅላትህን ለእኔ ስጠኝ፣ አፍህ የራስህ ነው። እንደፈለግህ አውራ፣ ብቻ አትንቀሳቀስ» ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቷ ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። «ይህን ሁሉ ወሬ እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት «የስፌት መኪናዬ ይጮኻል» ትላለች። ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ድረዋል፤ ልጆቹ ሌላ ከተማ ናቸው፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና እሷ፣ ወሬውና መኪናዋ ናቸው።

በሽታው የጀመረው ከትልቁ አንጀቱ ነው። ደም አየ፤ ለማንም አልተናገረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስለ ሰው ጣሪያ ሲያወራ የሚውል ሰው ስለ ራሱ ሆድ ትንፍሽ አላለም። ያወቀችው ሚስቱ ናት። ሱሪው ሰፋው፣ አጠበበችለት። እንደገና ሰፋው፣ እንደገና አጠበበችለት። ሦስተኛውን ሲያመጣላት ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ከዚህ በኋላ ሱሪ አላጠብብም። ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው።

አንጀቱ ላይ የተገኘው ዕጢ ተቆርጦ ወጣለት። ደህና ሆነ ተብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከጊዜ በኋላ ግን ለክትትል ሄዶ ጉበቱ ላይ ዕጢ ታየ፤ ከአንጀቱ የሄደ ነው ተባለ። እዚያ ያለውን መቁረጥ አይቻልም፤ በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት ታዘዘለት። ኬሞ የሚሉት ማለት ነው። ማቅለሽለሹን ቻለው። ድካሙንም ቻለው፤ ወንበሩን ዝቅ አድርጎ ራሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሥራት ጀመረ። ያልቻለው የእጁን ነገር ነው።

መጀመሪያ መዳፉ ቀላ። ቀጥሎ ማቃጠል ጀመረ፤ ትኩስ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ከዚያ ቆዳው ከጣቶቹ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ውስጥ እግሩም እንደዚያው። ሐኪሙ ይህ ከመድኃኒቱ የሚመጣ የታወቀ ነገር መሆኑን ነግሮ ቅባት ሰጠው። ለብዙ ሰው ይህ ጥርስን ነክሶ የሚያልፉት ነገር ነው። ፀጉር አስተካካይ ግን መቀሱን በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ነው የሚይዘው፤ የመቀሱ ቀለበት ቀኑን ሙሉ የሚያሻው ቦታ ላይ ደግሞ ቆዳ የሚባል አልቀረም። ጨርቅ ጠመጠመበት፣ መቀሱ ተንሸራተተ። ስስ ጓንት አጠለቀ፣ ፀጉሩ አልዳሰስ አለው። አንድ ቀን የዳቦ ቤቱን ባለቤት ጆሮ ጫፍ በመቀስ ነካው። ደሙ ጠብ ከማለት አላለፈም፣ ሰውየውም «ኧረ ምንም አይደል» አለ። ሬዲዮ ግን ፎጣውን አራግፎ ሰቀለና ገና በጠዋቱ በሩን ዘጋ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሠራ የሰው ጆሮ ነክቶ አያውቅም።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ምን ሆንክ አለችው። «ደከመኝ» አላት። መኪናዋን አቁማ ብዙ አየችው።

ሐኪሙ ሲያስረዳ የሚስል ሰው ነው፤ አንድ ነገር ልንገርዎት ካለ እጁ እስክሪብቶ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱን አስቀምጦ የጉበት ሥዕል እየሳለ ነገራቸው።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ደምዎ ውስጥ መግባቱን እናውቃለን። ዕጢው ውስጥ ገብቶ መቀመጡን ግን አናውቅም። አንዳንድ ሰው ላይ ገብቶ ይቆያል። አንዳንዱ ላይ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ከውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ያቅለሸልሻቸዋል፣ የሁለቱም እጅ ይላጣል።»

«ታዲያ በምን ይለያል?»

«ኤም አር አዩን ያውቁታል፤ ፎቶ አንስቶዎታል። ያው ማሽን ፎቶውን ትቶ ማዳመጥም ይችላል። መድኃኒትዎ ውስጥ ፍሎሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አጥንትና ጥርስ ላይ ካልሆነ በቀር ሰውነታችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ የአጥንቱን ደግሞ ማሽኑ አይሰማውም። እንግዲህ ከጉበትዎ የፍሎሪን ድምፅ ከመጣ መድኃኒቱ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱ እንዳለ ሲሆን አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ ጉበት ሰባብሮ ሊያስወጣው ሲያዘጋጀው ሌላ። ድምፁን ኮምፒዩተሩ ወደ መስመር ይቀይረዋል።» አንድ ሹል ጫፍ ሳለ። «ይህ ጫፍ ቶሎ ከወረደ መድኃኒቱ ሄዷል ማለት ነው። ቀስ ብሎ ከወረደ ቆይቷል።»

«ከዚያስ?» አለች ሚስቱ።

«ከቆየ እንቀጥላለን። ይድናሉ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ የመሥራት ዕድሉ ግን ሰፋ ያለ ነው። ካልቆየ በከንቱ አናሰቃይዎትም። እናቆመውና ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።» ሌላ መንገድ የሚለውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለው። «ጥናት ነው ጋሼ፤ አልፈልግም ማለት ይችላሉ።»

ሬዲዮ ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮው ውስጥ የቀረው እናቆመዋለን የሚለው ነው። ሚስቱ የሰማችውን እሷ ታውቃለች። ሁለቱም እሺ አሉ።

የመለኪያው ቀን የማሽኗ ባለሙያ በር ላይ ተቀበለችው። ቀጠን ያለች፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ልጅ ናት። ብረት የሚባል ነገር ይዞ መግባት አይቻልም ብላ ኪሱን አስፈተሸችው። ቁልፍ አወጣ፣ ሳንቲም አወጣ፣ ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭ አወጣ፣ ከሱሪው ኪስ ትንሽ መቀስ አወጣ።

«አባባ፣ ሰው ሊወጉ ነው እንዴ የመጡት?» አለችው።

«ልጄ፣ ያለነሱ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል።»

አልጋው ላይ አስተኛችው፤ ክንዱ ላይ የመድኃኒቱን ቱቦ አያያዘች፤ ከቀኝ የጎን አጥንቱ ሥር ሽቦ የተጠመጠመበት ሰሃን መሳይ ክብ ነገር አስቀምጣ በቀበቶ አሰረችው። ይቺ የማሽኑ ጆሮ ናት አለችው፤ ዕጢው ልክ ከሥሯ መሆን አለበት። ከዚያ ጆሮውን ደፈነችለት፣ ሲጨንቀው የሚጨምቀው የጎማ ኳስ አስያዘችው፣ ተጎንብሳም «እንግዲህ እንዳይንቀሳቀሱ። ከተንቀሳቀሱ ይበላሽብናል» አለችው።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሰውን አትንቀሳቀስ ስል ነው የኖርኩት» አላት። ልጅቷ ሳቀችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ማሽኑ ዋጠው። ማንኳኳቱ ተጀመረ፤ መድኃኒቱ በክንዱ ቀዝቀዝ እያለ ገባ። ሬዲዮ ቃሉን ጠበቀ። እግሩ ንቅንቅ አላለም፤ እጁ ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ አንገቱን እንኳ ለአጎቱ መቀስ እንደዚያ ሰጥቶ አያውቅም። ጥሩ ደንበኛ ማለት ምን እንደሆነ ላሳያቸው ብሎ ቀጥ አለ፤ ቀጥ ካለ በኋላ ደግሞ ጥሩ ደንበኛ የሚያደርገውን አደረገ። ማውራት ጀመረ። ለማሽኑ ነው የሚያወራው። ስለ አጎቱ አወራለት፣ ስለ ራሰ በራው ጡረተኛ አወራለት፣ ትልቋ ልጁ በሠርጓ ቀን ጫማዋ ስለጠፋባት አወራለት፣ እዚያ ላይ ራሱን አሳቀው። አንድ ሰዓት ያህል አንዲት ጣት ሳያንቀሳቅስ ሲያወራ ቆየ።

ውጭ ኮምፒዩተሩ ላይ የመጣው መስመር ጫፍ የሚባል የለውም። የተጨማለቀ ነገር ነው፤ አንዴ መድኃኒቱ ያለ ይመስላል፣ አንዴ የለም፣ አንዴ ጤናማው ጉበት ሰባብሮ የጨረሰው ነው የሚሰማው። ሐኪሙ ፊቱን አጨፈገገ። ባለሙያዋ ሰሃኗን ፈታ አየቻት፣ ገመዱን ነካካች፣ ለሙከራ የሚያስቀምጡትን የፍሎሪን ጠርሙስ አልጋው ላይ አድርጋ ለካች፤ ጠርሙሱ ጥርት ያለ ጫፍ ሰጠ። ማሽኑ ደህና ነው።

«ተንቀሳቅሰው ይሆናል» አለ ሐኪሙ።

«በካሜራ ሳያቸው ነበር። እግራቸው ንቅንቅ አላለም።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በተከፈተው በር አጠገብ ተቀምጣ ነበር። «አፉስ?» አለች።

ልጅቷ አልገባትም። «አፋቸው ምን ሆነ?»

«ዝም ብሎ ነበር ወይ?»

ሁለቱ ባለሙያዎች ተያዩ። ካሜራው የሚያሳየው ከወገብ በታች ነው፤ ማሽኑ ሲያንኳኳ ደግሞ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም። በዚህ መሃል ሬዲዮ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ በተላጠው ጣቱ ከቁልፉ ጋር እየታገለ፣ ደረቱን ነፍቶ ብቅ አለ። «እንዴት ነበርኩ? ቅንጣት አልተነቃነቅኩም» አላቸው።

«ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ያወሩ ነበር?»

«አዎ። አትንቀሳቀስ ነው ያላችሁኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶ ፈለገ። ጉበት ከትንፋሽ ጋር እንደሚወርድና እንደሚወጣ ሳለለት፤ በዝምታ የሚተነፍስ ሰው ትንሽ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፣ እሱን አስልተው ማረም ይችላሉ። የሚያወራ ሰው ግን አንዴ በረጅሙ ይስባል፣ አንዴ ቆርጦ ይተነፍሳል፣ ሲስቅ ደግሞ ሆዱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ዕጢው ከሰሃኗ ሥር እየወጣ እየገባ ማሽኑ ማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ሬዲዮ ሥዕሉን አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ታዲያ ዝም በል ለምን አላላችሁኝም?»

ልጅቷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «ለማንም ብለን አናውቅም አባባ። እዚያ ውስጥ ያወራ ሰው የለም።»

ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ቦርሳዋን አፏ ላይ አደረገች። እሱ ግን አልሳቀም። ሰውን ሲያረጋጋ በኖረበት ነገር የራሱ ልኬት ተበላሸ።

ሐኪሙ እንደነገራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ለጥናቱ የተሰጣቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒቱን ሲወስድ ይለካል፤ ያም ከተበላሸ ሳያውቁ እንደነበረው ይቀጥላሉ።

ሬዲዮ ዝምታ ሊለማመድ ቆረጠ። ተዉት ብትሉት የሚሰማ ሰው አይደለም። በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ከፈተ፣ ደንበኛ አስቀመጠ፣ ቀስ እያለ በሚያመው እጁ መሥራት ጀመረና ዝም አለ። ደንበኛው በመስታወቱ አየው። ዞሮ አየው። «ጋሽ ሬዲዮ፣ ምን ሆነሃል?» አለው። ራሱን ነቀነቀለት። ሰውየው ከዚያ ወንበር እንደወጣ ያልነገረው ሰው የለም፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪሞቹ ቁርጡን እንደነገሩት አወቀ። ራሰ በራው ጡረተኛ ብርቱካን ይዞ መጥቶ አግዳሚው ላይ ሳይናገር ተቀመጠ፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ በል ቢባልም እምቢ አለ። አንዷ ጎረቤት ሚስቱን ጥግ ይዛ «ስንት ጊዜ ሰጡት?» ብላ ጠየቀቻት። «አንድ ሰዓት» አለች ሚስቱ፣ «ለአንድ ሰዓት ዝም ማለት አቅቶት ነው ልምምድ ላይ ያለው።» ጎረቤቷ አላመነቻትም።

ዝምታው ግን ያልጠበቀውን ነገር አመጣበት። ያ አፍ ለካ ብዙ ነገር ሸፍኖ ኖሯል። ዝም ሲል የራሱን ሐሳብ ሰማው፤ ሐሳቡ ደግሞ አንድ ነው፤ አይቆይ። መድኃኒቱ አይቆይ። ይውጣ። ሐኪሙ እናቁመው ይበል፣ እጄ ይዳን፣ መቀሴን ልያዝ። በሩን ሲከፍት ይህንን ያስባል፣ ፀጉር ሲጠርግ ይህንን ያስባል፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ፈጣሪውን ሲለምን የሚለምነው ይህንኑ ነው። አንድ ቀን መስታወቱ ፊት ቆሞ የሚለምነውን ነገር ቀጥ አድርጎ አየውና ደነገጠ። ሊገድለው የመጣውን ነገር የሚገድልለት መድኃኒት እንዳይሠራ ነው የሚለምነው። ሐኪሙ «ሌላ መንገድ» ያለው በምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነም አልረሳውም። ያም ሆኖ ልመናውን ሊለውጠው ሞከረ፤ ከአፉ ወጣለት፣ ከልቡ ግን እምቢ አለው። ሞኝ ነው የምትሉ ካላችሁ በሉ፤ እኔ አልልም። ያ ሰው ገና ጢም ሳያወጣ ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ አንድ ነው፤ እጁን ወስዳችሁ ዕድሜ ብትሰጡት ዕድሜውን ምን ላድርገው ብሎ ይጠይቃችኋል።

ለሚስቱ አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል?

በሁለተኛው የመለኪያ ቀን ምላጩንና መቀሱን እቤት ትቶ ሄደ። ልጅቷ ሰሃኗን አሰረችለት፤ ተጎንብሳም «አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» ካለች በኋላ ትንሽ አሰበችና «እንዳያወሩም» አለች። በዓይኑ እሺ አላት። ማሽኑ አንዱን ልኬት ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር ድረስ በድምፅ ማጉያው «አባባ፣ ደህና ነዎት? እንዳይመልሱልኝ» ትላለች። አልመለሰላትም። ጉሮሮው ላይ የተሰበሰበውን ወሬ ሁሉ ዋጥ ዋጥ እያደረገ ተኛ። መድኃኒቱ ቀዝቀዝ እያለ በክንዱ ሲገባ እጁን አሰበ። ጉበቱን አሰበ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ሚስቱ ከግድግዳው ማዶ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች ትዝ አለውና እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። ለመጥረግ እጁን አላነሳም።

ውጤቱን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነገሯቸው። ሐኪሙ ዛሬ የሚስለው ነገር አላስፈለገውም፤ ኮምፒዩተሩን ወደነሱ አዙሮ ተደራርበው የተሰለፉ መስመሮች አሳያቸው። የማሽኗ ልጅም ከኋላው ቆማለች፤ ሥራዋ እዚያ አልነበረም፣ ለመስማት ብላ ነው የመጣችው።

«ይህ ገና እንደገባ ነው» አለ ሐኪሙ በጣቱ እየነካ። «ይህ ትንሽ ቆይቶ። ይህ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ጫፉን ያዩታል? ከደምዎ ውስጥ መውጣት በነበረበት ሰዓት እዚህ አለ። ዕጢው ይዞታል። ቆይቷል ጋሼ።»

ሚስቱ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልጅቷ ፈገግ አለች። ሬዲዮ ስክሪኑን ያያል።

«እርግጠኛ ነዎት ዶክተር?»

«እርግጠኛ ነኝ። እንዲህ ጥርት ያለ ልኬት ከያዝን ቆይተናል።»

«ምናልባት ተንቀሳቅሼ እንዳይሆን።»

«አልተንቀሳቀሱም።»

«ሳላውቀው አውርቼ ሊሆን ይችላል።»

«አላወሩም አባባ» አለች ልጅቷ። «ቢያወሩ መስመሩ ላይ እናየው ነበር።»

ሬዲዮ ሁለት እጁን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። መዳፉ ቀልቷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ የአውራ ጣቱ ጎን ላይ ጥሬ ሥጋው ይታያል። «ይኼስ?» አለ።

የሐኪሙ ፈገግታ ጠፋ። እጁን አየ። «መጠኑን ትንሽ እንቀንሳለን፤ አንዳንድ ሳምንት እናሳርፍዎታለን። መድኃኒቱን እስከወሰዱ ድረስ ግን እጅዎ መቀስ የሚይዝ አይመስለኝም። እስከ መቼ እንደሚወስዱት ደግሞ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም። ከሠራልን ብዙ ጊዜ ነው።»

«ከሠራልን» አለ ሬዲዮ።

«ከሠራልን። ካልፈለጉ ማቆም የእርስዎ መብት ነው፤ ማንም አያስገድድዎትም። የማውቀውን ልንገርዎት ብዬ ነው።»

አመስግኖ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፣ አንድ ጎማው የሚንጫጫ አልጋ አለፈ። ሚስቱ እሱ እስኪጀምር ጠበቀች። አልጀመረም።

«አንድ ነገር በል እንጂ» አለችው።

«እንዳይቆይ ስጸልይ ነበር» አላት። ፊቷን አላየም። «ሳምንቱን ሙሉ። ትናንት እዚያ ውስጥ ሆኜም።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ዝም አልክ፤ ዝም ስትል ፊትህ ላይ አየሁት።» ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋችው። «እኔ ደግሞ እንዲቆይ ስጸልይ ነበር። እጅህን እያየሁ። አንድ ቀን አውልቀህ የተውከው ጓንት ላይ ቆዳህ ተጣብቆ አገኘሁ፤ እሱን ይዤ ነው የጸለይኩት። በእጁ ይሁን፣ እሱን ግን ተውልኝ አልኩ። ሳልጠይቅህ።»

አንድ ግድግዳ ተደግፈው፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንዱ ሲለምን ሌላው ሲያፈርስ ከርመዋል። አሁን ሲያስበው የሷ ልመና ከሱ ይልቅ ከባድ ነበር፤ እሱ የለመነው ለራሱ ነው፣ እሷ ግን የምትወደውን ሰው እጅ በገዛ እጇ ነው የሰጠችው።

«የአንቺ ተሰማ» አላት።

እስከዚያ ሰዓት ያላለቀሰች ሴት ያኔ አለቀሰች። «ተቀየምከኝ?» አለችው።

«ነገ እቀየምሻለሁ» አላት። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ተነስቶ ወደ ቀጠሮ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ ይጣላሉ። ጠዋት ደንበኛ የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ እሱ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አይሆንም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቦታ አይገኝም። ገና ሲመጣ አይታ ጭቅጭቁን ቀደመችው።

«ጋሽዬ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ያለኝ የጠዋት ብቻ ነው። በኋላ እንዳንጣላ።»

«የጠዋቱን ያዢልኝ» አላት። «ጠዋት ሥራ የለኝም።»